ጋሪዎቹ ጥለዋት የሄዱት ሴት

ሳል ይዟችሁ የሰነበታችሁ፣ አመሻሽ ላይ ገላችሁ የሚግል፣ አንሶላችሁ በላብ ርሶ የሚያድር፣ «የድሬ ሙቀት ነው፣ ያልፋል» እያላችሁ ራሳችሁን የምታባብሉ ካላችሁ፣ ይህን የጻፍሁት ለእናንተ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ባለቤቴ ተሰማ በምድር ባቡር ጋራዥ ይሠራል፤ እኔ እሱን ተከትዬ ከጎጃም የመጣሁ የቤት እመቤት ነኝ። ማንበብና መጻፍ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ቄስ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የደረሰብኝን እንደ ደረሰብኝ እጽፋለሁ፤ የሚጠቅም ከተገኘበት ምስጋናው ለእግዚአብሔር ነው።

ደገኛ ቆላ ወርዶ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ትኩሳቱ ሲጀምረኝም ከጎረቤት እስከ ክሊኒክ ሁሉም አንድ ቃል ሆነ። ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ገና ሳይነጋ ወረፋ ይይዛል። አግዳሚው ላይ ሶማሌዋ፣ ኦሮሞዋ፣ ሐረሪዋ፣ እኛም ደገኞቹ ልጆቻችንን አቅፈን እንታጨቃለን፤ አንድ ልጅ ሲያለቅስ በአራት ቋንቋ ይባበላል። ተራዬ ደርሶ ስገባ መርፌ ወጊው ድሬሰር ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ኪኒን ሰጠኝ። ጆሮዬ እስኪጮኽ ዋጥሁት። ትኩሳቱ ግን ቀጠሮ እንዳለው ሰው ማታ ማታ መምጣቱን አልተወም። ተመልሼ ብሄድ «እናንተ ደገኞች ሙቀት አትችሉም» ብሎ ሌላ ኪኒን ጨመረልኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሽታ አጠጣችኝ። ፋርማሲው ጣፋጭ የሳል ሽሮፕ ሰጠኝ። ሁሉም የሚያውቀውን ሰጠኝ፤ በክፋት የሰጠኝ ማንም የለም።

ቀሚሴ ከትከሻዬ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ተሰማ ብስክሌቱን ሸጦ ወደ ጋራዥ በእግሩ መሄድ ያዘ። ለምን እንደ ሸጠው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

አንድ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳል መጣብኝ። ነጠላዬን በአፌ ላይ አደረግሁ። ሳነሳው ደም ነው። ሰው እንዳያይብኝ ነጠላውን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምሁ። ምን ብዬ እንደ ጸለይሁ አላስታውስም፤ ዓይኔን ከልጄ ከሙሉ ላይ ማንሣት ግን አልቻልሁም። ገና ትንሽ ናት፤ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ቆማ ታዛጋለች።

በሆስፒታል ራጂ አነሡኝ። ዶክተሩ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ፣ በግራ በኩል ያለችውን ቀዳዳ በእርሳሱ አሳየኝ። የሳንባ ነቀርሳ ነው አለኝ። በኛ ሠፈር ስሙ ጮክ ተብሎ የማይጠራው፣ የሰው ዕቃ የሚያስለየው በሽታ ማለት ነው። ይድናል፣ መርፌና ኪኒን አለው፣ ግን ከዓመት በላይ ይወስዳል አለ። ከዚያ ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር ነበር። «የተሻለሽ ሲመስልሽ እንዳታቋርጪ። ካቋረጥሽ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል።» ራሴን ነቀነቅሁ። የሰማሁት መስሎኝ ነበር።

እኛን የነቀርሳ ሕሙማኑን ከሴቶቹ ክፍል ለይተው በረንዳ ላይ አስተኙን። ሙሉን ተሰማ እሑድ እሑድ በጋሪ ያመጣትና ከሽቦው አጥር ወዲያ ትቆማለች፤ መቅረብ ክልክል ነው። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። በኋላ ማልቀስ ተወች፤ ያ ባሰብኝ።

ጎኔ ያለው አልጋ ላይ ሃሊማ የምትባል ሶማሌ ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ «ኤዶ ሃሊማ» ይላታል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። በወጣትነቷ ከባሏ ጋር በግመል ቅፍለት ጨው ስታመላልስ ኖራ፣ በኋላ የግመል ወተት ለድሬ ታቀርብ ነበር። በዕድሜ እናቴን ስለምታህል አንቱ እላታለሁ። «አንቱ ለሱልጣን ነው አቦ» ትለኛለች፤ «ድሬ ላይ አንቺ በቂ ነው።»

የምትወጋን ነርስ ሚስ ኤለን ነበረች፣ አሜሪካዊት። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን ፈልጋ እስክታገኝ መርፌው ያልቃል። አንድ ቀን ኤዶ ሃሊማ «ያንቺ ሰው አገሩ ምን ጎደለውና እዚህ ድረስ መጣሽ?» አለቻት።

ሚስ ሳቀች። «እኛ ቤት መሄድ ልማድ ነው። የእናቴ እናት ሕፃን ሳለች ወደ ምዕራብ የሄደችው በጋሪ ነው። ብዙ ጋሪዎች፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ። በሬ ይጎትታቸዋል።»

«በበሬ? ጋሪ በፈረስ ነው።»

«ፈረስ ይደክማል። በሬ ቀስ ይላል፣ ግን ይደርሳል። ከላይ ነጭ ሸራ አለው፣ እንደ ቤት።»

«ከውስጥ ተኝተው ይሄዳሉ በይኛ» አልሁ እኔ፣ አምሮኝ።

«አይ፣ በእግራቸው ነው። ጋሪው ዕቃ ነው የሚይዘው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ትልቅ ሰዓት… መንገድ ላይ በሬው ሲደክም እያወረዱ ይጥሉታል። ሰዓት ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀራል።»

ኤዶ ሃሊማ ወደ እኔ ዞረች። «ግመል የጫነ ሰው መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ እህል ነው የሚጭነው። እነዚህ ሰዓት ጫኑ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌው ካለቀ በኋላ የጋሪዎቹን ወሬ እንጠብቅ ነበር። ሙቀቱ በረንዳውን ሲያግለው ሌላ ምን አለን? ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ በሽርጣቸው የዱር ጎሽ ኩበት እየለቀሙ እሳት እንደሚያነዱ የነገረችን ዕለት፣ ኤዶ ሃሊማ «ፈረንጅ ኩበት ለቀመች!» ብላ በሳቅ ወደቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሁለታችንም መትፊያችንን ይዘን እስኪያልበን ሳልን።

ወንዝ ሲሻገሩ የሰመጡትን ነገረችን። ለምን እንደሚቸኩሉም ነገረችን፦ ሣር ሲበቅል ተነሥተው በረዶ ሳይወርድ ተራራውን ካላለፉ ሁሉም ያልቃሉ። ኤዶ ሃሊማ ግን ሌላ ነገር ከንክኗት ነበር።

«ያ ሁሉ አገር ባዶ ነው? ግጦሹ የማን ነው?»

ሚስ መርፌዎቹን መደርደር ጀመረች። «ሰው ነበረበት» አለች በመጨረሻ።

«እና?»

«ተባረሩ። ብዙ ሞቱ።»

«አውቄ ነው የጠየቅሁሽ» አለች ኤዶ ሃሊማ።

ቀጥሎ የመጣው ወሬ ነው እኔን የጎዳኝ። የሚስ ቅድመ አያት፣ የዚያች ሕፃን እናት፣ በመንገድ ላይ ክፉ የሆድ በሽታ ያዛት። ብዙ ሰው ገድሎባቸው ነበር። የሞተውን መንገዱ መሐል ይቀብሩትና አውሬ እንዳያወጣው ጋሪዎቹን ሁሉ በመቃብሩ ላይ ይነዱበታል፤ ምልክት አይተዉም፣ መቼም አይመለሱበትም። ይህች ሴት ግን ቶሎ አልሞተችም። የጉዞው አለቃ በረዶው ይቀድመናል፣ መቆም አንችልም አለ። ባሏ ሕፃኗን ይዞ ከጋሪዎቹ ጋር ሄደ። ሁለት ወንዶች አብረዋት ቀሩ፤ እስክትሞት ጠብቀው ሊቀብሯት።

«ከዚያስ?» አልሁ።

ዶክተሩ ሚስን ጠራት። ነገ እነግራችኋለሁ ብላ ሄደች። በማግሥቱ ለሥራ ወደ ሐረር ላኳትና ብዙ ቀን ቀረች።

እኔ ታዲያ የዚያችን ሴት መጨረሻ በልቤ ጨረስሁት። ሞታ፣ ካህን ሳይፈታት፣ እናቷ ሳታለቅስላት፣ ጋሪ ሲሄድባት አየኋት። ዓይኔን ስጨፍን እሷ እኔ ትሆናለች። ሞትን እፈራ ነበር፤ ይበልጥ የፈራሁት ግን በሰው አገር አፈር ውስጥ ስም አልባ ሆኖ መቅረትን ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አያሌው ሳይታሰብ ከጎጃም ሲመጣ፣ መልአክ የላከው መሰለኝ።

በበቅሎ፣ በጭነት መኪና፣ በባቡር ተጉዞ ነበር የመጣው። በቅል ያገራችንን ጸበል ይዟል። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ለተሰማ እንዲህ አለው፦ «እህቴን በቁሟ ሰጥቼህ ነበር። አሁን ነፍሷ ሳይወጣ ልውሰዳት። አባቷ አጠገብ ትረፍ።»

«ጋሼ፣ እየተሻላት ነው። ሐኪሙ እንዳታቋርጥ ብሏል» አለ ተሰማ።

«ጸበልና መርፌ አብሮ አይሄድም። አንዱን ያመነ አንዱን ይተዋል።»

ተሰማ እኔን አየኝ። ትኩሳቴ ጠፍቶ፣ እንጀራ መቁረስ ጀምሬ ነበር። አልሄድም ብል ያበቃ ነበር። «አገሬ ውሰዱኝ» አልሁ። ተሰማ ከታላቅ ወንድሜና ከእኔ ቃል ጋር መከራከር አልቻለም፤ ወጥቶ ትኬት ቆረጠ። ኤዶ ሃሊማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጥቂት ቀን ቤቴ ሰንብቼ፣ መርፌውን ትቼ ጸበሉን ስጠጣ፣ ደኅና የሆንሁ መሰለኝ። ባቡር ስንሳፈር ጋሼ አያሌው አንድ የተጠቀለለ ነገር ከራሴ ሥር አደረገልኝ። «እማዬ ናት የላከችልሽ፣ ትራስ ይሁንሽ» አለ። ባቡሩ ሜዳውን እየሰነጠቀ ሲሄድ በእጄ ዳሰስሁት። ረጅም፣ ያልተዘመዘመ፣ የእናቴ ሣጥን የሚሸት። ልጅ ሳለሁ ከሣጥኑ ግርጌ አይቼው አውቃለሁ፤ ራሷ ፈትላ አሸምና ለራሷ ያስቀመጠችው መገነዣ ነው። የራሷን ለእኔ ላከችው።

አዋሽ ሳንደርስ ደሙ መጣ፣ በአፌም በአፍንጫዬም። ጋሼ አያሌው ያን ነጭ ጨርቅ ሊነካው አልደፈረም፤ ጋቢውን አውልቆ ተቀበለኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሽፍታ የማይፈራ። ባቡሩ ቆሞ ሊጠብቀን አይችልም። አዋሽ ጣቢያ ጥላ ሥር አስተኝቶኝ፣ ወደ ድሬ የሚወርደው ባቡር እስኪመጣ አጠገቤ ተቀመጠ። ያቺን ሴትና ሁለቱን ወንዶች አሰብሁ። ጠባቂዬ አንድ መሆኑ ብቻ ነው የተለየው።

በረንዳው ላይ መልሰው ሲያስተኙኝ ኤዶ ሃሊማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንቺ፣ ሞት ፍለጋ ጎጃም ድረስ ምን አስኬደሽ? እዚህም አለ» አለችኝ። ከዚያ የግመል ወተቷን ከፍላ ሰጠችኝ። ዘወር ብላ ደግሞ ጋሼ አያሌውን «አንተ ረጅሙ ሰውዬ፣ ተቀመጥ እንጂ፣ ጥላ ሆንህብን» አለችው።

ዶክተሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን መርፌው እንደ ቀድሞው እንደሚሠራ አላውቅም፣ ጠብቀን እናያለን አለ። የነፍስ አባቴ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ያደረግሁትን ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ጸበሉንም የፈጠረ፣ ለመድኃኒቱም ቅጠሉን ያበቀለ አንድ ነው። ማን አጣላቸው?» አሉኝ። እናንተም ይህን ያዙልኝ። ጸበላችሁን ጠጡ፤ መድኃኒታችሁን አትተዉ።

ሚስ ኤለን ከሐረር ተመልሳ ሳንባዬን ስትሰማ፣ መጀመሪያ የጠየቅኋት «ያቺ ሴትስ?» ብዬ ነው።

«አልነገርኋችሁም እንዴ? ዳነች!» አለች። «ሰዎቹ ጉድጓዱን ቆፍረው ጨርሰዋል። ሲነጋ ውሃ ስጡኝ አለች። በበቅሏቸው ጭነው ጋሪዎቹን ተከታትለው ደረሱ። ስትደርስ ሌላ ሴት ቀሚሷን ለብሳለች። ባሏ የሞተች መስሎት ልብሷን አከፋፍሎ ነበር።»

«ቀሚሱን ተቀበለቻት?» አለች ኤዶ ሃሊማ።

«ያን አልነገሩኝም።»

«ዋናውን ነገር ሳትጠይቂ» አለች ኤዶ ሃሊማ።

ጋሼ አያሌው አዝመራው ሲደርስ ወደ ጎጃም ተመለሰ። ጨርቁን አስያዝሁት። «ለእማዬ መልስላት፤ አስካል በሕይወት አለች፣ ይህ ያንቺ ነው ብላሻለች በላት» አልሁት።

ብዙም ሳይቆይ ኤዶ ሃሊማ ሞተች። ጠዋት አረፈች፣ ከቀትር በፊት ወስደው ቀበሯት፤ የእስልምናው ሥርዓት ነው። ተነሥቼ እስከ በሩ መሸኘት አልቻልሁም። ልጇ መጥታ የወተት ዕቃዋን ስትወስድ ክዳኑን ለእኔ ተወችልኝ፤ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም። አልጋዋ ላይ ሌላ ሴት ተኛች። እኔ መቁጠሪያዬን ይዤ ስሟን በጸሎቴ አነሣለሁ፤ ይገባል አይገባም ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ፣ አንድ ያገሬ ሰው ስለት ሊያስገባ መጥቶ፣ መንገዱን አጠያይቆ ቤታችን ይደርሳል። ተሰማን አቅፎ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል።

«ማን ሞተብኝ?» ይላል ተሰማ ደንግጦ።

«አስካል ናታ።»

ተሰማ እጁን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ አመጣው። ሰውየው በረንዳው ጥግ ቆሞ ሲያየኝ አማተበ፤ መጠጋት ፈራ። «እኔ ተዝካርሽን በልቼ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ጠላውም ጥሩ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከቤት ርቀው ደብረ ማርቆስ ላይ ሲሞቱ፣ ወንድሜና ዘመዶቼ እናቴን «ደኅና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው» እያሉ እስከ መርዶው ቀን ደብቀዋት ነበር። ባገራችን እንዲህ ነው፣ ሞት በድንገት አይነገርም። አሁን ወንድሜ መገነዣውን ይዞ ገብቶ «አስካል ደኅና ናት» ሲላት፣ እናቴ ጨርቁን አይታ «አባቷንም እንዲህ ነበር ያላችሁኝ። ቀብራችኋት መጥታችሁ ጨርቄን ትመልሱልኛላችሁ» ብላ ጮኸች። መንደሩም አብሮ ጮኸ። ወንድሜ ቢምል ማን ይመነው? ምሎ መደበቅ ያለ ነው። አርባውን ቆጥራ ተዝካሬን አወጣች።

ያን የሰማሁ ዕለት ሳቅሁ፤ ከዚያ ተሰማ ሲሄድ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስሁ። እናቴ በሕይወት ላለሁት ለእኔ ታለቅሳለች፤ እኔ ሄጄ «አለሁ» ልላት አልችልም። ዶክተሩ ከአልጋ መውረድ እንኳ ገና አልፈቀደልኝም። ፎቶ ተነሥቼ ላክሁላት። «ልጄ እንዲህ ከስታ አታውቅም፣ ይቺ ሌላ ናት» አለች አሉ። ሌላ ምን ይላካል? በየጠዋቱ መርፌዬን ተወጋሁ። ሙሉ ከሽቦው ወዲያ ቁመቷ ሲጨምር አየሁ። መዳኔን እያወቅሁ የዳንሁ አይምሰላችሁ፤ አንድ ቀን ከሌላው ቀን አይለይም ነበር። ብቻ አላቋረጥሁም።

መቼ እንደ ሆነ ሳላውቀው ሳሉ ቀነሰ። ዶክተሩ አዲሱን ፊልም መስኮቱ ላይ ለጥፎ ከአሮጌው ጋር አስተያየው። ከዚያ ቁስሉ ጠግጓል፣ ልጅሽን ማቀፍ ትችያለሽ አለኝ። ሙሉ ግን መጀመሪያ አልቀረበችኝም። እየቆየች መጣች።

በሚቀጥለው በጋ ተሰማ ፈቃድ አግኝቶ ሦስታችንም ጎጃም ሄድን። ጋሼ አያሌው መኪናው ከሚያቆምበት በበቅሎ ተቀበለን። ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወርጄ በእግሬ ልሂድ አልሁት። ያየችኝ የመጀመሪያዋ ሴት እንስራዋን ጥላ ሮጠች።

እናቴ ደጃፍ ላይ ወጥታ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከራስ እስከ እግር። አጠገቧ ስደርስ አላለቀሰችም፤ ራሴን፣ ትከሻዬን፣ ደረቴን በእጇ ዳበሰች። ከኋላዬ ዞራ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ አድርጋ «እስቲ ተንፍሺ» አለችኝ። ተነፈስሁ። አሁንም ተንፍሺ አለችኝ።

«ትልቁን በሬ ነው ያረድሁልሽ» አለች ከኋላዬ ሆና። «ያባትሽን የእርሻ በሬ።»

ፊቴ በእንባ ታጠበ። የለበሰችውን ጥቁር ጨርቅ ጫፉን ይዛ ጠረገችልኝ። ያልተዘመዘመ ነው። በእጄ ያዝሁት፤ ያ ባቡር ላይ የተንተራስሁት ነበር፣ ለሐዘኔ ብላ ጥቁር ነክራው።